የአሠሪ ታማኝነትና የሬዲዮ ሠራተኛ ድካም

ታማኝነት የሚለውን ቃል ስንሰማ በብዙዎቻችን ሐሳብ ቶሎ የሚመጣው ሎሌ ለጌታው፥ ሠራተኛም ለአሠሪው ያለበት ግዴታ ነው። አሠሪ ለሠራተኛው ስላለበት ታማኝነት ሲነገር የምንሰማው ግን ከስንት አንዴ ነው። ይሁን እንጂ «አንድ እጅ ብቻውን አያጨበጭብም» እንደ ተባለው፥ ከሁለቱ ወገን የአንደኛው ታማኝነት ሲጐድል የሌላው ብዙ ዘመን ሊጸና አይችልም። ይህን ከሚያስረዱት ታሪኮች አንዱ በአሜሪካ የንግድ ሬዲዮ ሠራተኞች ላይ የደረሰው ስለ ሆነ፥ ነገሩን ከመነሻው ጀምረን እንመለከተዋለን። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ኖቬምበር 2 ቀን 1920 ዌስቲንግሃውስ የተባለው የኤሌክትሪክ ዕቃ ኩባንያ፥ ኬ ዲ ኬ ኤ በሚባለው ጣቢያው አማካይነት፥ የፕሬዚዳንት ምርጫውን ውጤት ከፒትስበርግ ከተማ ለሕዝብ አሰማ። ከዚያም በ1926 ኤን ቢ ሲ፥ በ1927 ደግሞ ሲ ቢ ኤስ ተቋቋሙ። የዚያን ዘመን ፕሮግራም አብዛኛው በቀጥታ የሚተላለፍ ስለ ነበረ፥ ሙዚቀኛው፥ ተዋናዩ፥ ደራሲውና መሐንዲሱ በአንድ ስቱዲዮ ተሰብስበው ይሠሩ ነበር።

ያን ዘመን እንደ ገነት አድርገን ልንስለው አይገባንም። ድካሙ ብዙ፥ የብዙዎቹም ደመወዝ ጥቂት ስለ ነበረ፥ የሬዲዮ ተናጋሪዎችና ተዋንያን በ1937 የራሳቸውን የሠራተኞች ማኅበር ለማቋቋም ተገደዋል። አሠሪዎቹም ከሌላው ሰው ተለይተው የተቀደሱ አልነበሩም። ነገር ግን አሠሪውን ከሠራተኛው ጋር አስተሳስረው የያዙ ሁለት ነገሮች ነበሩ፤ እነርሱም ሕግና ጥቅም ናቸው።

ሕጉን በተመለከተ፥ በ1934 የወጣው የመገናኛ ሕግ ጣቢያ የያዘ ሁሉ የሕዝብን ጥቅም እንዲያገለግል ያስገድድ ነበር። የፌዴራል መገናኛ ኮሚሽንም በ1953 ባወጣው ደንብ አንድ ባለቤት በመላው አገር ከ7 የኤ ኤምና ከ7 የኤፍ ኤም ጣቢያዎች በላይ እንዳይዝ ከለከለ። ጥቅሙን በተመለከተ ደግሞ፥ ቴሌቪዥን ድራማውንና ዝነኞቹን ተዋንያን በ1950ዎቹ ዓመታት በወሰደበት ጊዜ፥ ሬዲዮ ሊተርፍ የቻለው የየከተማው ድምፅ በመሆኑ ነው። ሰዉ ማለዳ ሬዲዮኑን የሚከፍተው የሚያውቀውን ሰው ድምፅ ለመስማት ነበር፤ በረዶ በመውረዱ ትምህርት ቤት መዘጋቱን፥ የእህል ዋጋ ስንት መግባቱን የሚነግረው ያ ድምፅ ነበርና። ስለዚህ የጣቢያው ባለቤት ያን ተናጋሪ ቢያጣ አድማጩን፥ ከአድማጩም ጋር የማስታወቂያውን ገንዘብ እንደሚያጣ ያውቅ ነበር።

ይህ ማሰሪያ የላላው በአንድ ቀን አይደለም። በ1981 ኮሚሽኑ ጣቢያዎች ለዜናና ለሕዝብ ጕዳይ ሊያውሉት ይገባ የነበረውን የጊዜ መጠን የሚመለከተውን መመሪያ ሰረዘ። የጣቢያውም ብዛት ወሰን ቀስ በቀስ ከፍ እያለ ሄዶ በ1994 ከሁለቱም ዓይነት 20፥ በድምሩ 40 ደረሰ። በመጨረሻም ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1996 ፕሬዚዳንት ክሊንተን የፈረሙት የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ ይህን አገር አቀፍ ወሰን ፈጽሞ አነሣው፤ በታላላቅ ከተሞችም አንድ ባለቤት እስከ 8 ጣቢያ እንዲይዝ ፈቀደለት።

ወዲያው ጣቢያ መግዛትና መሸጥ ሆነ። በስድስት ዓመት ውስጥ የጣቢያዎቹ ቍጥር ጥቂት ሲጨምር፥ የባለቤቶቹ ቍጥር በሲሶ ያህል ቀነሰ። ክሊር ቻናል የተባለው የቴክሳስ ኩባንያ ከሕጉ በፊት 40 ያህል ጣቢያዎች የነበሩት ሲሆን፥ ጥቂት ዓመታት ቈይቶ 1,200 ያህል ያዘ። የጣቢያ ዋጋ በመናሩ ሻጮችና ገዢዎች ደስታቸው ታላቅ ነበር። ነገር ግን «የጨው ገደል ሲናድ ሞኝ ይልሳል፥ ብልህ ያለቅሳል» ይባላል። ጣቢያዎቹ በብዛት የተገዙት በብድር ስለ ነበረ፥ ዕዳው መከፈል ነበረበት፤ ሊቀነስ የሚችለው ትልቁ ወጪ ሆኖ የተገኘውም የሠራተኛው ደመወዝ ነው።

ከዚህ በኋላ የሆነውን በማንኛውም መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው በቀላሉ ይረዳዋል። አንዱ ሲሰናበት ሥራው አብሮት አይሰናበትም፤ በቀረው ጫንቃ ላይ ይጫናል። ቀድሞ አንድ ጣቢያ ይመራ የነበረው የፕሮግራም ኀላፊ ሦስትና አራት ጣቢያ እንዲመራ ታዘዘ። ማለዳ የሚናገረው ሰው ከሰዓት በኋላ ማስታወቂያ ይቀርጻል፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ በየገበያው ጣቢያውን ወክሎ ይቆማል። ድምፅን አስቀድሞ በኮምፒዩተር የመቅረጽ ዘዴ ሲስፋፋም፥ አንድ ተናጋሪ በአንድ ከተማ ተቀምጦ አይቶት ለማያውቀው ሌላ ከተማ፥ እንደ ተወላጁ ሆኖ ይናገር ጀመር። በዚያኛው ከተማ ይሠራ የነበረው ሰው ግን እንጀራውን አጣ።

ከሁሉ የሚያስገርመው ግን አሠሪው ራሱ የተወውን ታማኝነት ከሠራተኛው በውል መጠየቁ ነው። በብዙ ጣቢያዎች የሥራ ውል ውስጥ፥ ሠራተኛው ከጣቢያው ከወጣ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ በዚያው ከተማ በተወዳዳሪ ጣቢያ እንዳይሠራ የሚከለክል አንቀጽ ይገባ ነበር። በዚህም ምክንያት የተሰናበተው ሰው ወይ ቤተ ሰቡን ይዞ ከከተማው መሰደድ፥ ወይም ሙያውን መተው ነበረበት። ነገሩ ፍትሕ የጐደለው መሆኑን በመገንዘብ የማሳቹሴትስ ግዛት በ1998፥ የኒው ዮርክ ግዛትም በ2008 ሠራተኛውን ከዚህ የሚጠብቅ ሕግ አወጡ።

ጕዳቱ በሠራተኛው ላይ ብቻ የቀረ መስሎን እንደሆነ፥ በሰሜን ዳኮታ ግዛት በማይኖት ከተማ የደረሰውን እንመልከት። ጃንዋሪ 18 ቀን 2002፥ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ፥ አንድ የዕቃ ባቡር በከተማው ዳር ከሐዲዱ ወጣና ከፉርጎዎቹ የአሞኒያ ጋዝ ፈሰሰ። አንድ ሰው ሞተ፤ በመቶ የሚቈጠሩም ተጐዱ። በከተማው የነበሩት ስድስት የንግድ ጣቢያዎች ሁሉ የአንድ ኩባንያ፥ ማለትም የክሊር ቻናል ነበሩ። ፖሊሶቹ ስልክ ደውለን የሚያነሣ አላገኘንም አሉ። ኩባንያው በበኩሉ በጣቢያው ሰው ነበረ፥ ጥፋቱ የማስጠንቀቂያው መሣሪያ በሚገባ ባለመሠራቱ ነው ብሎ ተከራከረ። እኛ በዚህ ክርክር ፈራጆች አይደለንም። ነገር ግን በዚያ ብርድ ሌሊት መስኮቱን ይዝጋ ወይስ ልጆቹን ይዞ ይውጣ የጨነቀው ሕዝብ ሬዲዮኑን ሲከፍት የሚያስፈልገውን ምክር በጊዜው አላገኘም። የስድስት ጣቢያ ኀላፊነት በአንድ ስልክ መነሣትና አለመነሣት ላይ መውደቁ ራሱ ትልቅ ምስክር ነው።

ኩባንያው ግን በመንገዱ ገፋበት። በ2008 በባለሀብቶች ተገዝቶ 20 ቢሊዮን ዶላር ያህል ዕዳ ተሸከመ፤ ጃንዋሪ 20 ቀን 2009 ከሠራተኞቹ 9 ከመቶ የሚሆኑትን፥ ማለትም 1,850 ሰዎችን አሰናበተ። ስሙን በ2014 ወደ አይሃርት ሚዲያ ለውጦ፥ በ2018 ዕዳውን መክፈል ስላቃተው የፍርድ ቤት ከለላ ጠየቀ። ከዚያ ከወጣ በኋላም በ2020 መጀመሪያ እንደገና ብዙ ሰዎችን ከሥራ አስወጣ። በ2023 ደግሞ በኦሬጎን ግዛት በፖርትላንድ ከተማ የሚገኝ የሌላ ኩባንያ ጣቢያ፥ የአንዲት ተናጋሪውን ድምፅ አስመስሎ የሚናገር ሰው ሠራሽ አስተውሎት ለአድማጮቹ አቀረበ።

ባለቤቶቹ የሚያቀርቡት ምክንያት አለ፤ የማስታወቂያው ገንዘብ ወደ ኢንተርኔት ሄዷል፥ እኛም ለመኖር ወጪ መቀነስ አለብን ይላሉ። ይህ ሐሰት አይደለም። ቢሆንም የነገሩን ቅደም ተከተል መዘንጋት አይገባም፤ በብድር ጣቢያ የመሰብሰቡ ሥራ የተጀመረው ኢንተርኔት ገና ሕፃን በነበረበት ጊዜ ነው። አዲሱ ተወዳዳሪ በበረታ ጊዜም፥ ጣቢያውን ከከተማው ሕዝብ ጋር ያፋቅሩት የነበሩት ሰዎች አስቀድመው ተሰናብተው ነበር።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው፥ የአሠሪ ታማኝነት ለሠራተኛው የሚደረግ ችሮታ ሳይሆን የሥራው አንድ ክፍል መሆኑን ነው። የደከመና ነገ እንደሚባረር የሚያስብ ሰው ሥራውን በሰዓቱ ሊፈጽም ይችላል፤ ያልታዘዘውን መልካም ነገር አስቦ ለመሥራት ግን ልብ አይኖረውም። ስለዚህ ቢሮም ሆነ ትምህርት ቤት የምንመራ ሁሉ፥ አንድ ሠራተኛ በተቀነሰ ቍጥር የእርሱ ሥራ በማን ላይ እንደ ወደቀ፥ ያም ሰው እስከ መቼ ሊሸከመው እንደሚችል አስቀድመን መጠየቅ ይገባናል።