ግንብ ያላገደው ቃል፦ ከከርቸሌ እስከ ጁባ

ዛሬ ስለ ሸቀጥ ዋጋ ሳይሆን ወደ እስር ቤት ተደብቆ ስለሚገባ ስልክ ላወራችሁ ነው። ጉዳዩ አይመለከተንም የሚል ካለ፣ መጀመሪያ እነዚህን ሁለት ነገሮች ይስማ።

አዲስ አበባ ለምትኖር አንዲት እናት ከማታውቀው የውጭ አገር ቁጥር ይደወልላታል። «ልጅሽ ታስሯል፤ ቶሎ ገንዘብ ካልላክሽ አይፈታም» ይላታል ሰውየው። ልጇ ግን በዚያ ሰዓት ኮኞ ኮኞ ገበያ ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣ ነበር። ኋላ ሲጣራ ደዋዩ እውነትም የደወለው ከእስር ቤት ነው፤ የታሰረው ግን ልጇ ሳይሆን አታላዩ ራሱ ነው። ሁለተኛው ታሪክ የዚህ ግልባጭ ነው። አንድ ወንድማችን በወረቀት ጉዳይ ተይዞ ሦስት ሳምንት ሙሉ የት እንደገባ ጠፋን። ሆስፒታል ፈለግን፣ መንገድ ላይ ጠየቅን። በመጨረሻ መኖሩን የሰማነው አብሮት የታሰረ ሰው ደብቆ ከያዘው ስልክ ነው። አንዱ ስልክ እናት አስለቀሰ፤ ሌላው እናት አጽናና። ለዚህ ነው ነገሩን ከሥሩ ማየት የሚያስፈልገው።

ቃልን በግንብ አሻግሮ ማሳለፍ በስልክ አልተጀመረም። በእኛ አገር ስንቅ ማመላለስን የማያውቅ ቤተሰብ ጥቂት ነው። አዲስ አበባ የነበረው ትልቁ ወህኒ ቤት «ከርቸሌ» የሚለውን ስሙን ያገኘው ከጣልያንኛው የእስር ቤት ስም ነው። በውስጡ የነበረው ክፍል ደግሞ «ዓለም በቃኝ» ይባል ነበር። ስሙ እንደሚለው የገባበት ሰው ከዓለም እንዲቆረጥ የታሰበ ነው፤ ግን አልተቆረጠም። በደርግ ዘመን ታስሮ የነበረው ነቢይ መኮንን «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» የተሰኘውን የአሜሪካ ልብ ወለድ በእስር ላይ ሆኖ ወደ አማርኛ መለሰው። ወረቀት ስላልነበረው የጻፈው በሲጋራ ፓኮ ውስጥ ባለው ብርማ ወረቀት ላይ ነው። ያ ሁሉ ቁራጭ በሲጋራ ፓኮ እየሆነ ተደብቆ ወጣ፤ ኋላም «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታተመ። ከርቸሌ ፈርሶ ዛሬ ቦታው ላይ የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ቆሟል። ግንቡ ሄደ፣ ቃሉ ቀረ።

ከዚያ ሞባይል መጣ። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ልናገርና፣ ኢትዮጵያ ውስጥ አገልግሎቱ የተጀመረው በ1999 ነው። ጁባ ደግሞ ከ2005ቱ የሰላም ስምምነት በኋላ የራሷ ጉድ ነበራት። የጀምቴል ስልክ በኡጋንዳው 256 ኮድ፣ ሌላው በሱዳኑ 249 ኮድ ይሠራ ነበርና፣ በአንድ ከተማ ያሉ ሁለት ሰዎች እንደ ሁለት አገር ሰዎች ነበሩ። የዚያን ጊዜ ነጋዴዎች ሁለት ስልክ ኪሳቸው ውስጥ ሳይዙ አይወጡም ነበር። ደቡብ ሱዳን ነፃ ስትወጣ፣ በ2011፣ 211 የራሷ ኮድ ሆነ። ስልክ እየረከሰና እያነሰ በሄደ ቁጥር ግን ከሲጋራ ወረቀት ይልቅ ለመደበቅ ቀለለ። ከሁሉም በላይ፣ ወረቀት አንድ ጊዜ ወጥቶ ያበቃል፤ ስልክ ግን ቀን ከሌት ያወራል።

ዓለም አደጋውን በደንብ ያየው ብራዚል ውስጥ ነው። በየካቲት 2001 በሳኦ ፓውሎ ግዛት 29 እስር ቤቶች በአንድ ቀን አመፁ። ያስተባበራቸው በድብቅ የገባ ሞባይል ነው። ቀኑ እሑድ፣ የጠያቂ ቀን ስለነበር ሊጠይቁ የመጡ ቤተሰቦች መሐል ቀሩ። በግንቦት 2006 ያው ቡድን ከእስር ቤት ባስተላለፈው ትእዛዝ ፖሊስ ጣቢያዎች ተጠቁ፣ አውቶቡሶች ተቃጠሉ፣ ብዙ ሰው ሞተ። ወደ እኛ ሲቀርብ ደግሞ ኬንያ ናት። ኤምፔሳ በ2007 ከተጀመረ በኋላ «በስህተት ገንዘብ ልኬልሃለሁ፣ መልስልኝ» የሚለው ማታለያ ከናይሮቢው ካሚቲ እስር ቤት ጋር ስሙ ተያይዞ ቀረ። ጁባም በ2019 ኤምጉሩሽ ሲመጣ ገንዘብ በስልክ ወደሚዘዋወርበት ዓለም ገባች።

የጁባ ዋናው ታሪክ ግን የማታለል አይደለም። ጥቅምት 7 ቀን 2018 «ሰማያዊው ቤት» በሚባለው የብሔራዊ ደኅንነት እስር ቤት ውስጥ እስረኞች የጦር መሣሪያ ማከማቻውን ሰብረው ያዙ። ከመሪዎቹ አንዱ ከዚያ ዓመት ሚያዝያ ጀምሮ ታስሮ የነበረው ነጋዴ ኬርቢኖ ዎል ነው። ጥበቃዎቹ ከብበውት ሳለ በስልክ ለአሜሪካ ድምፅ ራዲዮ ተናገረ። ጠመንጃው ከግቢው አልወጣም፤ ድምፁ ግን አገር ለአገር ዞረ። በሰኔ 2019 ጁባ ላይ ፍርድ ሲሰጥ ኬርቢኖ 13 ዓመት ተፈረደበት። አብሮ የታሰረው ምሁሩ ፒተር ቢያር አጃክ ደግሞ ስለዚያው ቀን ለውጭ መገናኛ ብዙኃን በመናገሩ ሁለት ዓመት ተፈረደበት። ሁለቱም በጥር 2020 በፕሬዚዳንቱ ይቅርታ ወጡ። ልብ በሉ፦ አንደኛው የተቀጣው ስላወራ ነው። መንግሥታት እስር ቤት ውስጥ ያለ ስልክን የሚፈሩት ለወንጀል ስለሚውል ብቻ ሳይሆን ምስክር ስለሚሆንም ነው።

እንግዲህ ስልኩን እንዴት ይዋጉታል? የመጀመሪያው መንገድ ፍተሻ ነው፤ ስንቁ ይበረበራል፣ ዳቦው ይቆረሳል፣ ሰውነት ይዳሰሳል። እንግሊዞች እስረኛ ሲቀመጥበት በሰውነቱ ውስጥ የደበቀውን ብረት የሚያውቅ ወንበር አስገቡ። ወዲያው ብረቷ በጣም ያነሰ፣ አውራ ጣት የምታክል ስልክ ገበያ ላይ ወጣች። ሁለተኛው ሕግ ነው፤ በእንግሊዝ ስልክ ወደ እስር ቤት ያስገባ እስከ ሁለት ዓመት ይታሰራል። ሦስተኛው ጃመር የሚባለው ሞገድ አፋኝ ነው። ይህ መሣሪያ ስልኩ በሚሠራበት ሞገድ ላይ ጫጫታ ይለቅና መስመሩን ያደነቁራል። ችግሩ ሞገድ ግንብ አያውቅም፤ በአጥሩ ዙሪያ ያለው ሱቅና ክሊኒክም አብሮ ይደነቁራል። አራተኛው በ2010 በአሜሪካ ሚሲሲፒ የተጀመረው ነው፦ እስር ቤቱ የራሱን አንቴና ያቆምና የተፈቀደ ቁጥር ብቻ ያሳልፋል። ጥሩ ነው፣ ግን ውድ ነው።

በእነዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ቀዳዳ አለ። ብዙው ስልክ በራሱ እግር አይገባም፤ በር ላይ የቆመ ሰው እያየ እንዳላየ ሲሆን ይገባል። ደመወዙ ያልደረሰው ጥበቃ ባለበት ፍተሻውን ማጥበቅ ስልኩን አያስቀረውም፤ ዋጋውን ይጨምረዋል እንጂ። ይህን ለነጋዴ ማስረዳት አያስፈልግም። ዕቃ በኬላ ሲከለከል ገበያ ውስጥ ምን እንደሚሆን እናውቃለን።

ስልኩን በእውነት የቀነሰው መንገድ ሌላ ነው። ፈረንሳይ ሞንሜዲ በሚባል እስር ቤት በየክፍሉ የሽቦ ስልክ አስገብታ ሞከረች። እስረኛው ለተፈቀደለት ቁጥር ይደውላል፣ ጥሪው ሊደመጥ ይችላል። የድብቅ ስልክ አንድ ሦስተኛ ገደማ ቀነሰ፤ በ2018ም መንግሥቱ ወደ ሌሎች እስር ቤቶች አሰፋዋለሁ አለ። ሚስቱን ለማናገር ብቻ የድብቅ ስልክ ይከራይ የነበረው ገበያውን ጥሎ ሲወጣ፣ የሚቀረው ለወንጀል የሚፈልገው ነው፤ እሱን ማደን ደግሞ ይቀላል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 21 እስረኛ ከቤተሰቡ፣ ከሃይማኖት አባቱ፣ ከሐኪሙና ከጠበቃው ጋር የመገናኘት መብት ይሰጠዋል። በ2015 የጸደቁት የተባበሩት መንግሥታት የማንዴላ ደንቦችም ስልክን ጭምር ይጠቅሳሉ።

ጁባ ውስጥ ይህ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2012 ባወጣው ዘገባ ከደቡብ ሱዳን 6,000 ያህል እስረኞች ሲሶው ገና ያልተፈረደበት ነበር። ፍርድ የሚጠብቅ ሰው ጠበቃና ዋስ ይፈልጋል፤ ዋስ የሚገኘው ደግሞ ዘመድ ሲያውቅ ነው። የእኛ ሰው በባዕድ አገር ሲታሰር ስንቅ የሚያመላልስለት እናት የለችውም።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ሦስት ነገር እንያዝ። አንደኛ፣ ለእስረኛ ስልክ በስንቅ ደብቃችሁ አትላኩ፤ ለማዳን የላካችሁት በእሱ ላይ አዲስ ክስ፣ በእናንተ ላይ እስር ሊያመጣ ይችላል። ሁለተኛ፣ ሰው ሲታሰር ቆንስላ እንዲነገርለት ወዲያው ይጠይቅ። የ1963ቱ የቪየና የቆንስላ ግንኙነት ስምምነት አንቀጽ 36 የሚለው ይህንኑ ነው፤ የኤምባሲውንም ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ፣ ስልክ መጀመሪያ የሚወሰድ ነገር ነውና። ሦስተኛ፣ «ልጅሽ ታሰረ፣ ገንዘብ ላኪ» የሚል ጥሪ ሲመጣ ቤተሰብ ሳይልክ በፊት ጁባ ላለ ለሚያውቁት ሰው ይደውል። አገር ቤት ላሉ እናቶቻችን ቢያንስ የሁለት ጎረቤት ነጋዴ ቁጥር እንስጣቸው።

ያ የሦስት ሳምንቱ ወንድማችን ዛሬ ሱቁ ውስጥ ነው። የዚያን ቀን ስልኩን ያዋሰውን ሰው ግን ስሙን እንኳ አያውቀውም። ለእሱም በቀን አምስት ደቂቃ የምታናግር ሕጋዊ መስመር ብትኖረው ኖሮ፣ ያን ስልክ ባልደበቀ ነበር።