ከረጲ እስከ ሬማ፤ ብርሃን ወደ ባላገር የሄደበት መንገድ

በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ክፍል፣ በኮልፌ ቀራንዮ፣ ረጲ ከተባለው መንደር አጠገብ የሚገኘው ቆሼ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የመዲናይቱ ጥራጊ ሁሉ ሲከመርበት ኖሮ ዛሬ ከ30 ሄክታር በላይ የሚሸፍን ተራራ ሆኗል። የኤሌክትሪክን ታሪክ ከቆሻሻ ክምር ግርጌ መጀመር ለአንዳንድ አንባቢ እንግዳ ሊመስል ቢችልም፣ ከተማይቱ ለባላገሩ ምን እንደላከችለትና ምን እንደነፈገችው ከዚህ ሥፍራ አብልጦ የሚመሰክር አላገኘሁም።

ኤሌክትሪክ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ ለግቢው ማብሪያ ተብሎ በተተከለ ሞተር ነው። ቀጥሎም በአቃቂ ወንዝ ላይ የአባ ሳሙኤል ግድብ ተሠራ፤ በ1948 ዓ.ም. የመብራትና ኃይል ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ በ1952 ዓ.ም. ደግሞ የቆቃ ኃይል ማመንጫ ተመረቀ። ሽቦው እንዲህ ከቤተ መንግሥት ወደ ከተማ፣ ከከተማም ወደ ከተማ ሲዘረጋ፣ ምሰሶው በማሳው ላይ የተተከለበት ገበሬ ግን ማታ ማታ በእሳት ብርሃንና በኩራዝ ጢስ ከመኖር አልዳነም። ያ ኩራዝ ራሱ ብዙ ጊዜ ከከተማ ጥራጊ የተሠራ ነበር፤ ለቃሚው ያነሣውን ጣሳ ቆራሌው ይገዛዋል፣ የምናለሽ ተራ ባለእጅ ይቀጠቅጠዋል፣ ነጋዴውም በአህያ ጭኖ ወደ ገጠር ገበያ ያወርደዋል።

በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ጥራጊው ራሱ ወደ ባላገር እንዲሄድ ተወሰነ። በሰንዳፋ አዲስ የቆሻሻ መጣያ ተከፍቶ መኪናዎቹ ወደዚያ መመላለስ ጀመሩ፤ ገበሬዎቹ ግን ምድራችንና ውሃችን ይበከላል ብለው በመቃወማቸው ሥራው በዚያው ዓመት ተቋርጦ ክምሩ ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ምሽት፣ የቆሻሻው ተራራ ተንዶ በሥሩ የተጠለሉትን ጎጆዎች ከነነዋሪዎቻቸው ቀበራቸው። ከ110 በላይ ነፍሳት አለፉ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም የሦስት ቀን ብሔራዊ ኀዘን አወጀ። ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል፤ ምክንያቱም እነዚያ ሰዎች የከተማይቱን ጥራጊ እየለዩ ለከተማይቱ ጥቅም ሲደክሙ የኖሩ ናቸውና።

ከዚያ ሥፍራ ጥቂት ራቅ ብሎ፣ በቀን 1,400 ቶን ያህል ቆሻሻ እያቃጠለ ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ የታቀደው የረጲ ማመንጫ ነሐሴ 13 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ ልጆች ችቦ በሚያበሩበት በደብረ ታቦር በዓል ቀን፣ ተመረቀ። ጥራጊን ወደ ብርሃን መለወጥ የሚያስመሰግን ሥራ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ኃይሉ የሚገባው ወደዚያው ወደ ነባሩ መስመር ስለሆነ፣ መስመሩ ያልደረሰበት የቆላና የደጋ ሰው ከረጲ የሚያገኘው አንዳች ነገር የለም።

የሽቦውን ሥርዓት የገለበጠው የፀሐይ ኃይል ነው። በሀገራችን ምድር በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ በአማካይ በቀን ከ5 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ የሚሆን የፀሐይ ኃይል ይወርዳል፤ ስጦታውም ከሽቦው ይልቅ ለሁሉ የቀና ነው። በ1970ዎቹ ማብቂያ፣ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ በምትገኘው ሚቶ፣ 10.5 ኪሎ ዋት የሚሰጥ የመንደር ጣቢያ ተተከለ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ለውሃ መሳቢያና ለእህል ወፍጮ ጭምር እንዲበቃ ወደ 30 ኪሎ ዋት አደገ።

እኔን ከሁሉ አብልጦ የሚማርከኝ ግን የሬማ ነገር ነው። በሰሜን ሸዋ በምትገኘው በዚህች መንደር፣ በሦስተኛው ሺህ ዓመት መባቻ አካባቢ፣ አንድ የጀርመን የፀሐይ ኃይል ፋውንዴሽን ከ1,000 በላይ በሚሆኑ ቤቶች ላይ ትናንሽ የፀሐይ ሰሌዳዎችን ከነባትሪያቸውና ከነአምፖላቸው አስተከለ። ሰሌዳ መትከል ብቻውን ብዙ አያስደንቅም፤ ገንዘብ ያለው ሁሉ ሊተክል ይችላል። የሬማ ሥራ ብልህነቱ በዚያው በመንደሩ የፀሐይ ኃይል ትምህርት ቤት ከፍቶ ወጣቶችን ለባለሙያነት ማሠልጠኑና ቤተሰቦቹም በየወሩ ጥቂት ገንዘብ እያዋጡ ባትሪው ሲደክም በሌላ እንዲተኩት ማሰናዳቱ ነው። ባትሪ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይሞታልና፤ የሚተካው ካልተገኘ ጣሪያ ላይ የቀረው ሰሌዳ አይጠቅምም፣ ቤተሰቡም ወደ ኩራዙ ይመለሳል።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ መርሐ ግብር፣ ከሕዝቡ 35 በመቶ ያህሉን ከመስመር ውጭ በሆነ ዘዴ፣ በተለይም በፀሐይ ኃይል፣ በ2017 ዓ.ም. ለማዳረስ አስቦ ነበር። ይህ ቁጥር የተለካው በሚዳረሱ ቤቶች ብዛት ነው፤ እኔ ግን በየወረዳው ስንት ጠጋኝ ወጣት እንደሠለጠነና ለባትሪ መተኪያ ስንት ብር እንደተቀመጠ የሚናገር ሌላ ቁጥር ከአጠገቡ እንዲጻፍ እጠይቃለሁ።