ሙቀት፣ ሰዓትና ውድድር፦ የአትሌቶች ጥበቃ አጭር ታሪክ



ገለጻዬን ሁላችንም በምናውቀው ታሪክ እጀምራለሁ። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ አበበ ቢቂላ የሮማን ማራቶን በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ አሸነፈ። ስለ እግሩ ብዙ ተጽፏል። ውድድሩ ስለ ተጀመረበት ሰዓት ግን እምብዛም አናወራም። ሯጮቹ የተነሡት ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነበር፤ አበበም የጨረሰው በመሸ ጊዜ፣ ወታደሮች በያዙት ችቦ ብርሃን ነው። አዘጋጆቹ የበጋውን ፀሐይ ለመሸሽ ሩጫውን ወደ ምሽት አዛውረውት ነበር። ከተነሡት 69 ሯጮች 62ቱ ጨረሱ።

የዛሬው መከራከሪያዬ ከዚህ ይነሣል። በታሪክ እንደምናየው፣ አትሌትን ከሙቀት የሚጠብቀው ከራሱ ጽናት ይልቅ የውድድሩን ሰዓትና ቦታ የሚወስኑት ሰዎች ውሳኔ ነው። ከዚህ በኋላ የማነሣቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ሰዓቱን ግን በእኛው እቆጥራለሁ።

ከሮማ በፊት የነበረውን እንመልከት። በ1904 በሴንት ሉዊስ የተካሄደው የኦሎምፒክ ማራቶን የተጀመረው ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ፣ 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋ ሙቀትና በአቧራማ መንገድ ላይ ነበር። ውሃ የሚገኘው በመንገዱ ከአንድ ወይም ከሁለት በማይበልጥ ቦታ ብቻ ነው። አሸናፊው ቶማስ ሂክስ ውሃ ሲለምን ረዳቶቹ ከልክለው አፉን በስፖንጅ አረጠቡለት፤ በምትኩ ስትሪክኒን የተባለውን መርዝ ከእንቁላል አስኳል ውጭ ካለው ነጩ ክፍል ጋር ሰጡት። ከ32 ሯጮች የጨረሱት 14 ናቸው። ከ8 ዓመት በኋላ በስቶክሆልም ማራቶኑ እንደገና በቀትር ሙቀት ተካሄደ። ፖርቱጋላዊው ፍራንሲስኮ ላዛሮ 30ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ወድቆ በማግስቱ አረፈ። ሰውነቱን በቅባት ለቅልቆ ስለ ነበር ላቡ መውጫ አጣ ይባላል። ይህ ማብራሪያ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ጥፋቱን ሁሉ በሟቹ ላይ ይጥላል፤ ሩጫውን በዚያ ሰዓት ያደረጉት ሰዎች ሳይጠየቁ ያልፋሉ።

ሮማም ብትሆን ትምህርቱን በሙሉ አልተገበረችም። ከአበበ ድል ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ በዚያው ኦሎምፒክ፣ በ100 ኪሎ ሜትር የቡድን የብስክሌት ውድድር ዴንማርካዊው ክኑድ ኢነማርክ የንሰን በብርቱ ሙቀት ተዝለፍልፎ ወደቀ፤ በዚያው ዕለትም ሞተ። አስከሬኑን የመረመሩት ሐኪሞች የሞቱ ምክንያት የሙቀት ምት ነው ብለው ደመደሙ። ሆኖም በሕዝብ ዘንድ የቀረው አነቃቂ መድኃኒት ወስዷል የሚለው ክርክር ነው። ሞቱ በስፖርት ውስጥ ለተጀመረው የመድኃኒት ቁጥጥር አንድ መነሻ ሆነ፤ የሙቀቱ ጉዳይ ግን ወደ ጎን ተባለ። አንድ ሞት ሁለት ትምህርት ይዞ መጥቶ ሳለ፣ የስፖርቱ ዓለም አትሌቱን የሚከሰውን መረጠ ማለት ይቻላል።

ሙቀትን በትክክል የመለካት ጥበብ የመጣው ከስፖርት ሜዳ አይደለም። በ1950ዎቹ በደቡብ ካሮላይና፣ በፓሪስ አይላንድ የባሕር ኃይል እግረኞች ማሠልጠኛ፣ ምልምል ወታደሮች በሙቀት እየወደቁ ስላስቸገሩ ተመራማሪዎች አዲስ መለኪያ አወጡ። ሦስት ንባቦች ይደመራሉ፦ በእርጥብ ጨርቅ የተሸፈነ ቴርሞሜትር 70 በመቶ፣ በጥቁር ሉል ውስጥ ያለ ቴርሞሜትር 20 በመቶ፣ ተራው የአየር ሙቀት 10 በመቶ ድርሻ ይይዛሉ። ተማሪዎች ይህን ድርሻ ልብ በሉ። ከሁሉ የሚከብደው እርጥበቱ ነው፤ ምክንያቱም አየሩ ወበቅ ሲሆን ላብ አይተንም፣ ላብ ካልተነነ ደግሞ ሰውነት አይቀዘቅዝም።

ይህ ስሌት በ2019 በዶሃ የሆነውን ያስረዳናል። የዓለም ሻምፒዮና የሴቶች ማራቶን እንደ ሮማው ፀሐይን ሸሽቶ እኩለ ሌሊት ላይ ተጀመረ። ፀሐይ አልነበረችም፤ ነገር ግን ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ፣ እርጥበቱም ከ70 በመቶ በላይ ነበር። ከ68 ሯጮች የጨረሱት 40 ብቻ ናቸው። ሩቲ አጋ፣ ሮዛ ደረጄና ሹሬ ደምሴ፣ ሦስቱም የአገራችን ልጆች አቋረጡ። አዘጋጆቹ ከሮማ ሰዓቱን ወረሱ፣ ምክንያቱን ግን አልወረሱም። በዚያች ከተማ፣ በዚያ ወቅት፣ ሌሊቱ ራሱ መሸሸጊያ አልነበረም።

የዶሃው ትዕይንት ግን ያለ ፍሬ አልቀረም። በሚቀጥለው ወር የቶኪዮ ኦሎምፒክ ማራቶን 800 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን፣ ወደ ሳፖሮ እንዲዛወር ተወሰነ። በ2021 የሴቶቹ ሩጫ ሙቀት በመፈራቱ በዋዜማው በአንድ ሰዓት ቀድሞ ንጋት 12 ሰዓት ላይ እንዲጀመር ተደረገ። ይህም ቢሆን በወንዶቹ ሩጫ ከ106ቱ 30 አቋረጡ፤ ከእነዚህ ውስጥ ሦስቱም ኢትዮጵያውያን ይገኙበታል። በቀዝቃዛ ደጋ የሚለማመድ ሰውነት ሙቀትን ለመልመድ ከ10 እስከ 14 ቀን ገደማ ይፈልጋል። ስለዚህ የኃላፊነቱ ጥያቄ ለውጭ አዘጋጆች ብቻ የሚተው አይደለም፤ አትሌቱን መቼና እንዴት አዘጋጅተን እንደምንልክ እኛንም ይመለከታል።

ጥበቃው ሁሉ ሳይሳካ ቀርቶ አትሌት ቢወድቅስ? የሰውነቱ የውስጥ ሙቀት ከ40 ዲግሪ አልፎ አእምሮው ከተዛባ፣ ደንቡ አጭር ነው፦ መጀመሪያ ማቀዝቀዝ፣ ቀጥሎ ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ። በማሳቹሴትስ፣ በፋልማውዝ በየነሐሴው በሚካሄደው ሩጫ በ18 ዓመት ውስጥ 274 ሰዎች በሙቀት ምት ታክመዋል። ወዲያው በበረዶ ውሃ ገንዳ ስለ ተነከሩ አንድም ሰው አልሞተም።

ይህን ቁጥር መጀመሪያ ሳነበው አንድ ቀን ትዝ አለኝ። ከሠላሳ ዓመት በፊት፣ ጀማሪ መምህር ሳለሁ፣ በአንድ ቆላማ ከተማ በተካሄደ የተማሪዎች ውድድር ሰዓት ያዥ ነበርሁ። የ10 ሺህ ሜትሩ ሩጫ ለጠዋቱ 2 ሰዓት ተይዞ ነበር። የክብር እንግዳው ስለ ዘገዩ የተጀመረው ከረፋዱ 5 ሰዓት አልፎ ነው። አንድ ወጣት ሁለት ዙር ሲቀረው መንገዳገድ ጀመረ። እኛም «አይዞህ፣ ጨርስ!» እያልን ጮኽንለት። ሲወድቅ ከበብነው፤ ስኳር አቀመስነው፤ መኪና እስኪመጣም ቆመን ጠበቅን። በውሃ የተሞላ በርሜል ከእኛ ሃምሳ እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ ነበር። ወጣቱ እግዚአብሔር ይመስገን ተረፈ። ነገር ግን ፊሽካውም ሰዓቱም በእጄ ነበሩ፤ ሩጫው ለማታ ይቆይ ለማለት አልደፈርሁም። ለእንግዳው የሰጠነውን ክብር ለሯጮቹ ነፍገናቸው ነበር።

ከእናንተ መካከል ብዙዎቻችሁ ነገ መምህራን፣ አሠልጣኞችና የውድድር አዘጋጆች ትሆናላችሁ። መርሐ ግብር ስታወጡ ሙቀቱን ለኩ፣ ወበቁን ጨምራችሁ አስቡ፤ በመስመሩ መጨረሻ የውሃ ገንዳ ይኑር። ሰዓቱ ካለፈ ደግሞ፣ እንግዳው ማንም ይሁን ማን፣ ሩጫው እንዲተላለፍ ተናገሩ። እኔ በዚያን ቀን ያልተናገርሁትን እናንተ እንድትናገሩ አደራ እላለሁ።