የማርች 8 ነገርና ለተማሪዎቼ ያልመለስኩት ጥያቄ

የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ አንድ ዕዳ ልክፈል ብዬ ነው። ስለ ሩሲያ አብዮት ሳስተምራችሁ ቦርዱ ላይ "ሌኒን ንጉሡን ጣለ" ብዬ ጽፌ ነበር። አንዷ ተማሪ እጇን አውጥታ "ቲቸር፣ ሴቶቹስ ምን ያደርጉ ነበር?" አለችኝ። "ፈተና ላይ አይመጣም" ብዬ አለፍኳት። ሰሞኑን ነገሩን ቁጭ ብዬ ሳነብ ነው ያፈርኩት።

ዳግማዊ ኒኮላስ ከዙፋኑ ሲወርድ ሌኒን እኮ ሩሲያ ውስጥ አልነበረም፤ ስዊዘርላንድ፣ ዙሪክ ከተማ በስደት ነበር። እሳቱን የለኮሱት የፔትሮግራድ የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛ ሴቶች ናቸው።

ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ። በ1910 (ሁሉም እ.ኤ.አ. ነው) ሶሻሊስት ሴቶች ኮፐንሃገን ላይ ጉባኤ ተቀመጡ። ጀርመናዊቷ ክላራ ዜትኪን (በነገራችን ላይ የተማረችው መምህርነት ነው) ከጓዶቿ ጋር ሆና በየዓመቱ የሴቶች ቀን ይኑር አለች። ዋናው ጥያቄ የመምረጥ መብት ነበር፤ አበባና ኬክ የሚባል ነገር የለም። በአገሯ በፕረሽያ እስከ 1908 ድረስ ሴት የፖለቲካ ማኅበር አባል መሆን በሕግ ክልክል ነበር። ቀኑ ግን ያኔ አልተቆረጠም።

ማርች 8ን ማርች 8 ያደረገችው ፔትሮግራድ ናት። ዘመኑ 1917 ነው። ወንዱ ግንባር ነው። ሴቶቹ ቀኑን ፋብሪካ ውለው፣ በዚያ ብርድ ዳቦ ቤት ደጃፍ ይሰለፋሉ፤ ብዙ ጊዜም ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። በዋዜማው የቪቦርግ ሰፈር ቦልሼቪኮች "ጊዜው ገና ነው፣ አድማ እንዳትመቱ" ብለዋቸው ነበር። አልሰሙም! ጠዋት ማሽኑን አቁመው ወጡ። ወደ ብረታ ብረት ፋብሪካዎቹ ሄደው መስኮቱን በበረዶ እየመቱ ወንዶቹን "ውጡ!" አሏቸው። የዚያን ቀን 90,000 ያህል ሠራተኛ ሥራ አቆመ። ከቀናት በኋላ ተኩስ ተብሎ የታዘዘው ወታደር ራሱ ወደ ሕዝቡ ዞረ። ልክ በሳምንቱ ንጉሡ ወረደ።

ሩሲያ ያኔ አሮጌውን ካሌንደር ስለምትጠቀም ቀኑ ለእነሱ ፌብሩዋሪ 23 ነበር፤ በእኛ ደግሞ የካቲት 29 ቀን 1909 ዓ.ም.። ስለዚህ "የየካቲት አብዮት" ስንል በሁለቱም አቆጣጠር አልተሳሳትንም፤ የየካቲት 66ቱ ትውልድ ይስማልኝ።

አዲሱ መንግሥት ምርጫ ይደረጋል ሲል የሴቶቹን ነገር በግልጽ አላነሳም። እንደገና 40,000 ያህል ሆነው ተሰለፉ፤ በዚያው ክረምት የመምረጥ መብት አገኙ። የፈረንሳይ ሴቶች እስከ 1944 ጠብቀዋል እኮ!

ከዚህ በኋላ ያለው ነው የከነከነኝ። በ1919 ፓርቲው የሴቶች መምሪያ አቋቋመ፤ እነ ኢኔሳ አርማንድና አሌክሳንድራ ኮሎንታይ ይመሩት ነበር። ማንበብና መጻፍ ያስተምራል፣ የሕፃናት ማቆያ ይከፍታል። ኮሎንታይ ከፓርቲው አመራር ጋር ስትጋጭ ኖርዌይ ለዲፕሎማትነት ተላከች። በ1930 ስታሊን መምሪያውን ዘጋው። ምክንያቱ? የሴቶች ጥያቄ ተመልሷል! የእኛም አኢሴማ ደርግ ከላይ ያቋቋመው ነበር፤ እናቶቻችሁን ጠይቋቸው፣ ማርች 8 ሲሰለፉ ጥያቄው የማን ነበር?

አንቺ እጅሽን ያወጣሽው ልጅ፣ ይህን ካየሽ መልሱ ይኸውልሽ። ዘንድሮ ፈተና ላይ አውጥቼዋለሁ፣ አምስት ማርክ።