የቤት ዋጋና የውሃ ዕዳ በነገሌ ቦረናና በደቡብ ቆላ ከተሞች

በደጋው አገር ቤት ለመግዛት የሚያስብ ሰው አስቀድሞ የሚመረምረው የግቢውን ስፋት፥ የግድግዳውን ጽናትና የጎረቤቱን ጠባይ ሲሆን፥ ከነገሌ ቦረና አንሥቶ በያቤሎና በሜጋ አልፎ እስከ ሞያሌ በሚደርሰው ደረቅ ቆላ ግን ከሁሉ የሚቀድመው ጥያቄ ውሃው ከወዴት ይመጣል፥ በበጋስ ይጸናል ወይ፥ ለማምጫውስ በየወሩ ምን ይወጣል የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ ከከተሞቹ ዕድሜ ይበልጣልና ታሪኩን ከጉድጓዶቹ መጀመር ይገባል።

ቦረናዎች ቱላ የሚሏቸው ጥልቅ ጉድጓዶች፥ በተለይም በዱብሉቅ፥ በመልባናና በጋዮ ያሉት፥ አንዳንዶቹ እስከ 30 ሜትር ወደ ምድር ከርሥ የሚወርዱ ሲሆኑ፥ ውሃው የሚወጣው ሰዎች ከታች እስከ ላይ በእርከን ቆመው፥ በዜማ እየተቀባበሉ፥ ባልዲውን ከእጅ ወደ እጅ በማሳለፍ ነው። ጉድጓዱ የጎሳ ሀብት ቢሆንም የየዕለቱን ተራ የሚመራው አባ ሄሬጋ የተባለው ሹም ነው፤ በጽኑ በጋም የከብቱ መንጋ በየሦስተኛው ቀን ብቻ ተራውን ጠብቆ ይጠጣል። ውሃው በገንዘብ አይሸጥም፤ ዋጋው ጉልበትና ለሥርዓቱ መታዘዝ ነው። በኦሪት ዘፍጥረት የይስሐቅ እረኞች ከጌራራ እረኞች ጋር ስለ ጉድጓድ የተጣሉበትን ምዕራፍ ያነበበ ሰው፥ ያን የመሰለውን ጠብ እዚህ በብራና ያልተጻፈ ሕግ በሥርዓት ሲገዛው ቢያይ መደነቁ አይቀርም። የቦረና ቤት ደግሞ ሴቶች ከእንጨትና ከሣር የሚሠሩት፥ ውሃና ግጦሽ በተለወጠ ጊዜ ፈርሶ በሌላ ሥፍራ የሚተከል ነበርና፥ በዚያ ሥርዓት ቤቱ ውሃውን ይከተል ነበር።

ይህ የተለወጠው በዐፄ ምኒልክ ዘመን ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ቦረናን ካስገበሩ በኋላ፥ የጦር ሰፈርና የአስተዳደር ከተማ በአገሩ ላይ እየተተከለ በሄደ ጊዜ ነው። የጭቃው ቤት፥ ኋላም በሚስማር የተመታው የቆርቆሮ ቤት፥ ከቆመበት አይነሣም፤ ስለዚህ ውሃው በእንስራ በሴት ጀርባ፥ በአህያ ጭነት፥ ከጊዜ በኋላም በበርሜልና በቦቴ ወደ ቤቱ መሄድ ግድ ሆነበት። ማገዶውና ከሰሉም እንዲሁ። በእኔ አስተያየት የቆላ ከተማ ቤት ዘላለማዊ ዕዳ የተወለደው ያን ጊዜ ነው፤ ሻጩ ስለ ማገሩና ስለ ክዳኑ ይናገራል፥ ገዢው ግን ሳይጻፍ በውሉ ውስጥ የሚገባውን የማመላለሻ ወጪ አብሮ ይገዛል።

ይህን ወጪ የዘነጋ ምን እንደሚያገኘው የነገሌ ታሪክ ራሱ ይመሰክራል።  ጥር 4 ቀን 1966፥ ጥምቀት አንድ ሳምንት ሲቀረው፥ በነገሌ የሰፈረው የ4ኛው ብርጌድ ወታደር ዐመፀ። የወታደሮቹ የውሃ መሳቢያ ተበላሽቶ ነበር፤ ከመኮንኖቹ ጉድጓድ እንቅዳ ብለው ቢለምኑ ተከለከሉ፤ ምግባቸውም የከፋ ነበር። መኮንኖቹን ያዙ፤ ጉዳዩን እንዲመረምሩ ንጉሠ ነገሥቱ የላኳቸውን የምድር ጦር አዛዥ ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለንም አግተው፥ ራሳቸው የሚበሉትን እንዲበሉና የሚጠጡትን ውሃ እንዲጠጡ አደረጓቸው። ዐመፁ ወደ ሌሎች የጦር ሰፈሮች ተዛመተ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዘውዱ ወረደ። የመንግሥቱ መውደቅ ብዙ ሌላ ምክንያት እንዳለው አውቃለሁ፤ ነገር ግን ጦር ሰፈር ሠርቶ የውሃውን ጥገና በበጀቱ ያላሰበ አስተዳደር በዚያች በረሃማ ከተማ በሠራዊቱ ፊት እንደ ተዋረደ ማንም ሊክደው አይችልም።

ስለ መብራት የሚነገረው አጭር ነው። የኢትዮጵያ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን በ1948 ቢቋቋምም፥ ከዋናው መሥመር የራቁት ከተሞች ለብዙ ዘመን የኖሩት በኩራዝ፥ በፋኖስና በናፍጣ ሞተር ነው፤ ላምባውም ናፍጣውም ከሩቅ በመኪና ይጫን ስለ ነበር ጸዳሉ ውድ ነበር። በሐምሌ 1967 የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ የቤት ኪራይን ቀነሰ፥ ቦታውንም የመንግሥት አደረገ፤ የአንድ እንስራ ውሃ ድካምን ግን አዋጅ አልቀነሰውም። ይልቁንም ቦታው ከቤቱ ጋር እንደ ግል ሀብት የሚሸጥ ስላልሆነ፥ ወደ ግቢው የገባው ቧንቧና በሻጩ ስም ያለው ቆጣሪ በቤቱ ዋጋ ውስጥ የበለጠ ክብደት አገኙ።

በጥር 2012 በገናሌ ወንዝ ላይ 110 ሜትር ከፍታ ያለው፥ 254 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ የገናሌ ዳዋ 3 ግድብ ተመረቀ። ደስ የሚያሰኝ ሥራ ነው፤ ሆኖም የኃይል መብዛት የወር ሒሳብን አያስቀርም። በታኅሣሥ 2011 የወጣው ታሪፍ በወር እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ለሚጠቀም ቤተሰብ የቀድሞውን በኪሎ ዋት ሰዓት 27 ሳንቲም ግድም ጠብቆ ከዚያ በላይ ባለው ላይ ዋጋውን ደረጃ በደረጃ ከፍ አደረገ፤ በ2017 መጀመሪያም ሌላ ጭማሪ ተከተለ። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይወስዳል፤ በሳምንት ሦስት ጊዜ፥ በየጊዜው አንድ ሰዓት ተኩል ቢጋገርበት በወር ከ60 ኪሎ ዋት ሰዓት ያልፋልና፥ እንጀራው ብቻ ቤቱን ከዝቅተኛው ደረጃ ያወጣዋል።

የቆርቆሮው ክዳን በበኩሉ ገቢ አለው። 50 ካሬ ሜትር ክዳን፥ 500 ሚሊ ሜትር ዝናብ በጣለበት ዓመት፥ አንድ አምስተኛው ቢባክን እንኳ 20,000 ሊትር ይሰበስባል፤ ይህም ባለ 200 ሊትሩ በርሜል 100 ጊዜ የሚሞላበት ነው። አሸንዳና ማጠራቀሚያ ያለው ቤት ከሌለው በላይ ዋጋ ቢጠየቅበት አግባብ ነው። ነገር ግን ከ2013 ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ በቦረና ምድር መክሸፋቸውን ያየ ሰው በክዳኑ ብቻ አይታመንም።

ስለዚህ በነገሌም ሆነ በያቤሎ ቤት ልትገዛ የተነሣህ ወንድሜ፥ ልትገዢም የተነሣሽ እኅቴ፥ ቤቱን በበጋ ወራት እዩት፤ ቧንቧው በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ከሻጩ ሳይሆን ከጎረቤት ጠይቁ፤ የአንድ በርሜልን የበጋ ዋጋ በወር በሚያስፈልጋችሁ በርሜል አባዙት፤ ቆጣሪው የግል ይሁን የጋራ፥ በማን ስምም እንደ ሆነ አረጋግጡ፤ ያልተከፈለ የመብራትና የውሃ ሒሳብ ካለም ከመዋዋላችሁ በፊት ሻጩ ይክፈለው።