የስልተ ቀመር ፍተሻ

አልጎሪዝም በአማርኛ ስልተ ቀመር ተብሎ መጻፍ ከጀመረ ቆይቷል፤ አንድን ሥራ ከመነሻው እስከ ውጤቱ ደረጃ በደረጃ የሚመራ የትእዛዝ ቅደም ተከተል ነው። አሁን ደግሞ አልጎሪዝሚክ ኦዲት የሚባል ነገር መጥቷል። "የስልተ ቀመር ፍተሻ" ብንለው ያስኬዳል። ኦዲት ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የሒሳብ መዝገብ ነው፤ እዚህ የሚፈተሸው ግን ኮምፒውተሩ በሰው ላይ የሚሰጠው ውሳኔ ነው።

ነገሩ ከጎጃሟ ትንሽ ከተማ ከአምበርም ሩቅ አይደለም። የጤፍ ነጋዴው በቴሌብር ብድር ሲጠይቅ ስንት ብር እንደሚገባው የሚያሰላው የአጠቃቀም ታሪኩን ያገላበጠ ሶፍትዌር ነው። ፌስቡክ ሲከፍትም የትኛው ጽሑፍ ቀድሞ ዓይኑ ላይ እንደሚወድቅ የሚመርጥለት ቀመር ነው። ታዲያ ኩባንያዎቹ ይህን ለመንግሥት ተቆጣጣሪ ማሳየት አለባቸው?

"የንግድ ምስጢራችን ነው" የሚለው መልስ ግማሽ እውነት አለው። ግን ገበያ ውስጥ ሚዛን የሚመረምር ሰው ሚዛኑን ፈትቶ አይወስድም፤ ክብደቱ የታወቀ ብረት ይጭንና ስንት እንደሚል ያያል። የቀመር ፈታሾችም አንዱ ዘዴያቸው ይኸው ነው፤ የተለያየ ሰው መስለው አካውንት ይከፍቱና መተግበሪያው ለማን ምን እንደሚያቀርብ ይመዘግባሉ። በዚህ የማይደረስበት አንድ ነገር ግን አለ፤ ኩባንያው ራሱ ስለ ቀመሩ ጉዳት የሚያውቀው። ለዚህ የግድ ወደ ውስጥ መግባት ያስፈልጋል።

ይህ ባሕር ዳር ላይ ሕይወት ያለፈበት ጉዳይ ነው። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. በጥይት ተገደሉ። ከዚያ በፊት ስማቸውንና ፎቶግራፋቸውን ይዘው በእሳቸው ላይ የሚያነሣሡ ጽሑፎች በፌስቡክ ተሰራጭተው ነበር። ልጃቸው አብርሃም መዓረግ ለኩባንያው ደጋግሞ እንዳመለከተ ይናገራል። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ከሰብዓዊ መብት ተመራማሪው ፍስሐ ተክሌና ካቲባ ከተባለው የኬንያ ተቋም ጋር ሆኖ የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ናይሮቢ ላይ ከሰሰ። የክሱ እምብርት ጽሑፎቹ ሳይነሡ መቆየታቸው ብቻ አይደለም፤ ቀመሩ ጥላቻን እየመረጠ አሰራጭቷል የሚል ነው። በመጋቢት 2017 ዓ.ም. የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ሲል ወሰነ። ኢትዮጵያዊ በኢትዮጵያ ተገድሎ ስለ ቀመሩ የሚጠየቀው ናይሮቢ መሆኑ ብዙ ይናገራል።

የእኛው የጥላቻ ንግግር አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ማኅበራዊ ሚዲያዎች ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ ጽሑፉን እንዲያነሡ ያዛል። ጽሑፉን ማን እንዳራገበው ግን አይጠይቅም። አውሮፓ ይህን ጠይቋል፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የዲጂታል አገልግሎቶች ሕግ ግዙፎቹ መድረኮች በየዓመቱ በገለልተኛ አካል እንዲፈተሹ ያስገድዳል፣ የአውሮፓ ኮሚሽንም ቀመሩን ከፍታችሁ አሳዩኝ ማለት ይችላል። ቻይናም ከ2022 ጀምሮ ቀመር ታስመዘግባለች፤ የእሷ ዓላማ ግን ዜጋን ከመጠበቅ ይልቅ ወሬን መቆጣጠር ላይ ያጋድላል።

እኛን የሚያሰጋን ይኼኛው ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት የአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል። ኢንተርኔትን እንደ ፈለገ የሚዘጋ መንግሥት የቀመሩን ቁልፍ ቢይዝ የማይወደውን ድምፅ ኮሽ ሳይል ማደብዘዝ ይችላል፤ ያ ደግሞ ከመዝጋት ይብሳል፣ ማንም አያውቀውምና።

ስለዚህ ኩባንያዎቹ ያሳዩ እላለሁ፤ ግን ለሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ሳይሆን በፍርድ ቤት ትእዛዝ ለሚሠራ ገለልተኛ ፈታሽ። ፈታሹ ቀመሩን አይቶ ምስጢሩን ይጠብቅ፤ ያገኘውን ጉዳት ግን በአማርኛም በሌሎች ቋንቋዎቻችንም ለሕዝብ ያውጣ። አዋጁ ሲሻሻል ምክር ቤቱ ይህን አንድ አንቀጽ ይጨምርበት።