ካሜራ፣ መቅረጸ ድምፅ እና የኢትዮጵያ ሕግ

የሰውን ምስል ያለ ፈቃዱ አደባባይ ማውጣት በኢትዮጵያ በግልጽ የተከለከለው በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ካሜራ ግን ሕጉን በዘጠና ዓመት ያህል ቀድሞታል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፋቸውን እያስጎተቱ በጋይንት በኩል ወደ መቅደላ ሲያቀኑ፣ ሊወጋቸው የመጣው የእንግሊዝ ጦር ፎቶግራፍ አንሺዎችንም አስከትሎ ነበር። ሚያዝያ ላይ ንጉሡ ራሳቸውን ሠዉ፤ ባለቤታቸው እቴጌ ጥሩወርቅም ብዙ ሳይቆዩ በመንገድ አረፉ። የሰባት ዓመቱ ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ እንግሊዝ አገር ተወሰደና በዚያው ክረምት ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን በዋይት ደሴት ፎቶ አነሣችው። እሺ ወይም እምቢ የሚልለት ወላጅ አልነበረውም፤ ያ ያዘነ ፊት ግን እስከ ዛሬ በየመጽሐፉ ይታያል።

በፓሪስ ከዚያ አሥር ዓመት ቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1858፣ ራሼል የተባለች ተዋናይት በሞተችበት አልጋ ላይ የተነሣችው ፎቶ በሥዕል ተገልብጦ ለሽያጭ ሲቀርብ፣ ፍርድ ቤት ያለ ቤተሰቧ ፈቃድ አይሆንም ብሎ አግዶ ነበር። የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን ያረቀቁት ሬኔ ዳቪድም ፈረንሳዊ ነበሩ። አንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይለጠፍ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ ይከለክላል። አንቀጽ 28 ደግሞ ለታዋቂ ሰው፣ ለባለሥልጣን፣ ለፍርድና ለፖሊስ ሥራ፣ ለትምህርት እንዲሁም በአደባባይ ለተደረገ በዓልና ክንውን ልዩ ሁኔታ ያስቀምጣል።

ከደብረ ታቦር በንፋስ መውጫ አልፎ ወደ ላሊበላ የሚወስደው መንገድ ለሁለቱ አንቀጾች ልዩነት ጥሩ ማሳያ ነው። ታቦት አጅቦ የሚሄደውን የጥምቀት ሕዝብ ያነሣ ሰው በአንቀጽ 28 ይሸፈናል። መኪናው ቆም ሲል፣ ማገዶ ተሸክማ የምታልፍን አንዲት ሴት ለብቻዋ አንሥቶ ፖስት ካርድ አድርጎ የሚሸጥ ግን ፈቃዷን መጠየቅ አለበት። ካልጠየቀ ሽያጩ እንዲቆም መክሰስ ትችላለች፤ ፍርድ ቤትም ካገኘው ጥቅም ካሳ ሊወስንላት ይችላል። ትልቁ ጉድለት ሕጉ ምስሉን ማውጣትን እንጂ ማንሣቱን ራሱን አለመከልከሉ ነው።

ድምፅ በአንቀጽ 27 አልተጠቀሰም፤ ጥበቃው የመጣው በደብዳቤ በኩል ነው። የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የደብዳቤን ምስጢር አስከበረ። የ1987ቱ በአንቀጽ 26 ስልክንና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነትን ጨመረ። ፊት ለፊት እያወሩ በኪስ ባለ ስልክ መቅረጽን ግን አንቀጹ በስሙ አይጠራም።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ማንነቱ የሚታወቅን ወይም ሊታወቅ የሚችልን ግለሰብ የሚመለከት መረጃን ሁሉ ስለሚያቅፍ፣ ፊትም ድምፅም በዚህ ትርጉም ሥር ይገባሉ። አፈጻጸሙን የመቆጣጠሩ ሥልጣን ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተሰጥቷል።